መልካም አሳዳጊነት በመጠይቅ ይለካልን?

በአማርኛ ቋንቋ ለባለጌ ሰው ከሚሰጡት ስሞች መካከል እንደ «አሳዳጊ የበደለው» ያለ ጥልቅ ትርጉም ያዘለ አይገኝም። ስድቡ የሚወረወረው በልጁ ላይ ሲሆን ክሱ የሚያርፈው ግን ባሳደጉት ሰዎች ላይ ነው። ተሳዳቢው ልብ ሳይለው አንድ ከባድ የግብረ ገብ ፍርድ ይሰጣል፤ ይኸውም የልጅ ጠባይ የአሳዳጊው የእጅ ሥራ መሆኑን፣ መጥፎ አስተዳደግም ከስሕተት አልፎ በልጁ ላይ የተፈጸመ በደል መሆኑን መመስከር ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ተበዳዩ ስለ ደረሰበት በደል ሲሰደብ እንጂ ሲጠየቅ አለመሰማቱ ነው።

ኅብረተሰባችን የአሳዳጊን መልካምነት ሲመዝን የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ልጁ ለታላላቆቹ ከመቀመጫው ከተነሣ፣ የታዘዘውን ከፈጸመ፣ አፉን ከክፉ ቃል ከጠበቀ «የጨዋ ልጅ» ይባላል፤ ምስጋናውም ለወላጆቹ ይተርፋል። ይህ ሚዛን ፍሬውን አይቶ ስለ ዛፉ የሚፈርድ ነው። ይሁን እንጂ ፍሬው እስኪታይ ድረስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚህም በላይ በእንግዳ ፊት አንገቱን የሚደፋው ልጅ በጓዳ ሲንቀጠቀጥ ያደገ እንደ ሆነ ሚዛኑ አያሳይም። በችጋር፣ በበሽታ ወይም በጦርነት የተጎዳውን ልጅ ጉዳትም በእናቱ ጥፋት ይቆጥራል።

ባለፉት መቶ ዓመታት ገደማ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሌላ ሚዛን አቅርበዋል። ይኸውም ወላጁን ራሱን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። «ልጅዎ መልካም ሲሠራ ምን ያህል ጊዜ ያመሰግኑታል? ሲያጠፋስ ምን ያህል ጊዜ ይመቱታል?» የሚሉ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። እያንዳንዱ መልስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ ድምሩም የመልካም አሳዳጊነት መጠን ነው ይባላል። ይህ መሣሪያ በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችና ለሕፃናት በሚሠሩ ድርጅቶች አማካይነት ወደ አገራችንም ገብቷል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጠይቁ ስለ አሳዳጊ በጎነት ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል መመርመር ነው።

የመጠይቁ አመጣጥ

የሰውን አመለካከት በቁጥር የመግለጹ ዘዴ በሰፊው የተሠራጨው አሜሪካዊው ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ካሳተመው ጥናት በኋላ ነው። ተጠያቂው ለቀረበለት ዐረፍተ ነገር ከፍጹም ስምምነት እስከ ፍጹም ተቃውሞ በተዘረጉ አምስት ደረጃዎች መልስ ይሰጣል። ዘዴው ቀላል፣ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ወደ ቤተሰብ ኑሮ ለመግባት ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1957 ሮበርት ሲርስ፣ ኤሊኖር ማኮቢና ሃሪ ሌቪን 379 አሜሪካውያን እናቶችን ስለ ልጅ አስተዳደጋቸው በቃል ጠይቀው ያገኙትን በመጽሐፍ አወጡ። በዓመቱ ኧርል ሼፈርና ሪቻርድ ቤል የወላጆችን አመለካከት የሚለካ የጽሑፍ መጠይቅ አቀረቡ።

በ1960ዎቹ በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ፣ ትሠራ የነበረችው ዳያና ባውምሪንድ ግን ረጅሙን መንገድ መረጠች። ሕፃናቱን በመዋዕለ ሕፃናት ተመለከተች፤ ቤታቸው ድረስ ዘልቃ ኑሯቸውን አየች፤ ወላጆቻቸውንም አነጋገረች። ከዚያም ሦስት የአስተዳደግ ዓይነቶችን ለየች። አንደኛው በትእዛዝና በቅጣት የሚገዛ ነው፤ ሁለተኛው ልቅ ነው፤ ሦስተኛው ጽኑ ሥርዓትን ከፍቅርና ከማስረዳት ጋር ያጣመረ ነው። ከእርሷ በኋላ የመጡት አጥኚዎች ግን መንገዱን አሳጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1991 ጆን ቡሪ እነዚሁኑ ሦስት ዓይነቶች በ30 ዐረፍተ ነገሮች ለመለካት ተነሣ። በዚያው ዓመት በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ፖል ፍሪክ 42 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጀ። ይህ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1996 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በታተመ ጥናት ይበልጥ ታውቆ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሆኗል።

የአላባማው መጠይቅ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፦ በልጁ ኑሮ መሳተፍ፣ በጎ አያያዝ፣ የክትትል ጉድለት፣ የሥነ ሥርዓት መዋዠቅ እና የአካል ቅጣት። «በጎ አያያዝ» የተባለው ክፍል ስድስት ጥያቄዎችን የያዘ ሲሆን እነዚህም ማመስገንን፣ ማድነቅን፣ ማቀፍን፣ መሸለምንና የመሳሰሉትን ይመለከታሉ። መልሱም «በፍጹም» ከሚለው እስከ «ሁልጊዜ» ድረስ ከ1 እስከ 5 ይቆጠራል። ስለዚህ በዚህ ሚዛን የአንዲት እናት በጎነት ከ6 እስከ 30 ባሉት ቁጥሮች መካከል አንድ ቦታ ይሰጠዋል ማለት ነው።

የመቁጠር ጥቅም

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚጠይቀው «የእናት ፍቅር እንዴት ተደርጎ በቁጥር ይለካል?» ብሎ ነው። ንግግሩ ያምራል፤ ነገር ግን ከምን እንደሚመነጭ መመርመር ያስፈልጋል። አንዱ ይህን የሚለው ለፍቅር ካለው ክብር የተነሣ ነው። ሌላው ደግሞ አርጩሜው ከተሰቀለበት ግድግዳ ዓይን እንዲመለስለት ስለሚፈልግ ይለዋል። የፍቅር አለመለካት ለዱላ መሸሸጊያ ሆኖ ባገለገለ ቁጥር የሚጎዳው አፍ አውጥቶ መናገር የማይችለው ወገን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በጥናቱ ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 14 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሕፃናት ከ10 ስድስቱ ያህል በአሳዳጊዎቻቸው እጅ ዘወትር የአካል ቅጣት ይደርስባቸው ነበር። በሌላ በኩል ልጅን በአግባቡ ለማሳደግ የአካል ቅጣት ያስፈልጋል ብለው የሚያምኑት አዋቂዎች ከ10 ሦስት ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። በዓለም ላይ እጅ የሚነሣባቸው ቤቶች፣ በዱላ ጥቅም ከሚያምኑት ቤቶች እጅግ ይበዛሉ ማለት ነውና። ብዙው አዋቂ በዱላ ሳያምን ይመታል፤ በቁጣ፣ በድካም፣ በልማድ፣ ሌላ ዘዴ በማጣት ይመታል። ስለዚህ «መምታት ክፉ ነው» ብሎ የሚሰብክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰብከው ነገሩን ቀድሞ ለተቀበለ ሰው ነው። የሚያስፈልገው ስብከት ሳይሆን እጁ በሚነሣባት ቅጽበት የሚይዘው ሌላ ነገር ነው።

ይህን የመሰለ እውነት አንድን ቤት ብቻ በማየት አይገኝም። እያንዳንዱ ቤት ገመናውን ሸፍኖ ስለሚኖር፣ የአንዱ ጓዳ ከሌላው ጓዳ ጋር የሚተያየው በቆጠራ ብቻ ነው። መጠይቁ በትክክል ከተሠራበት የማንንም ስም ሳያነሣ የብዙዎችን ምስጢር ይናገራል። የሰውን ገመና ሳይገልጡ የኅብረተሰብን እውነት መግለጥ ቀላል የማይባል የግብረ ገብ ጥቅም ነው። እንዲሁም በዚያ ጥናት ላይ የዋለው መጠይቅ «ጥሩ ወላጅ ነዎት?» ብሎ እንዳልጠየቀ ልብ ማለት ይገባል። ባለፈው አንድ ወር በዚህ ቤት ልጁን የመታው፣ የጮኸበት፣ ጥፋቱን ያስረዳው ሰው ነበረን? እያለ ተግባሩን በየስሙ እየጠራ ነው የጠየቀው።

ቃልና ተግባር

ይህን ያህል ጥቅም ካለው ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ችግር የሰው ቃልና የሰው ተግባር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሪቻርድ ላፒየር የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ አጥኚ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አገሩን ሲዞር፣ ከ250 በሚበልጡ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ተስተናገዱ። ቻይናውያን በእጅጉ ይጠሉ በነበረበት በዚያ ዘመን አናስተናግድም ያላቸው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ላፒየር ቆየት ብሎ ለእነዚያው ቤቶች «ቻይናውያንን ትቀበላላችሁን?» የሚል መጠይቅ ላከ። መልስ ከሰጡት 128 ቤቶች መካከል ከመቶ ከ90 የሚበልጡት አንቀበልም አሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ከታተመ ወዲህ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይረሳ መሥራት ነበረበት።

በላፒየር ታሪክ ቃሉ ከተግባሩ የከፋ ነበር። በወላጆች ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሊሊያን ሮቢንስ በኒውዮርክ ልጆቻቸው ከተወለዱ ጀምሮ በተከታታይ ሲጠየቁ የኖሩ ወላጆችን፣ ልጆቹ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ስላለፈው አስተዳደጋቸው መልሳ ጠየቀቻቸው። የቀድሞው መልስ ተመዝግቦ ስለ ነበር ሁለቱን ማነጻጸር ተቻለ። ወላጆቹ ተሳስተው ተገኙ፤ ስሕተታቸውም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር፤ ይኸውም የዘመኑ ባለሙያዎች በመጽሐፎቻቸው ወደሚመክሩት ወገን ነው። ከእነዚህ ወላጆች መካከል ሆን ብሎ የዋሸ አለ ለማለት ምክንያት የለንም። የረሱትን ለማስታወስ ሲሞክሩ የመጣላቸው መጽሐፉ ነበር።

ሊቃውንቱ ለዚህ ዝንባሌ ረዘም ያለ ስም አውጥተውለታል። እኛ ግን አንድ ቃል ይበቃናል፦ ይሉኝታ። እ.ኤ.አ. በ1960 ዳግላስ ክራውንና ዴቪድ ማርሎ የሰውን ይሉኝታ የሚለካ 33 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ ማዘጋጀታቸው የችግሩን ክብደት ያሳያል። ማንም ሰው ዘወትር ሊፈጽማቸው የማይችላቸውን በጎ ጠባዮች ዘርዝረው «ይህን ሁሉ አደርጋለሁ» የሚለውን ሰው በጥርጣሬ ያዩታል። መጠይቅን የሚጠብቅ ሌላ መጠይቅ መሥራት ግድ ሆነ ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ ብቻውን አይቆምም፤ ገመና ከጎኑ አለ። አንድ የማይታወቅ ሰው ወረቀትና ብዕር ይዞ በአንዲት እናት ደጃፍ ሲቆም፣ እናቲቱ በልቧ አስቀድማ የምትመልሰው ሌላ ጥያቄ አለ። «ይህ ሰው የመጣው ሊረዳኝ ነው ወይስ ሊመዘግበኝ?» ትላለች። የዕርዳታ ነገር ከሆነ ችግሯን ማጉላት ይሻላታል፤ የቁጥጥር ነገር ከሆነ ደግሞ ቤቷን ማሳመር። ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ሐሳብን ሸፍኖ መናገር በዚህ ባህል ምን ያህል እንደሚከበር አመልክቷል። መጠይቅ ሰሙን ብቻ የሚቀበል መሣሪያ ነው። «ምን ልጅ አለኝ ብለው ነው፤ እንዲያው አንድዬ ያሳድገዋል እንጂ!» የሚለውን መልስ ከ1 እስከ 5 ባሉት ሳጥኖች ውስጥ በየትኛው ይጽፉታል?

የማን መልካምነት?

ሁለተኛው ችግር ከመልሱ ሳይሆን ከጥያቄው ይነሣል። መጠይቅ ከአንድ አገር ኑሮ የተቀዳ ነው። በአላባማው መጠይቅ ውስጥ በልጁ ኑሮ መሳተፍን ከሚለኩት ጥያቄዎች አንዱ ወላጁ ልጁን ወደ ልዩ ልዩ ዝግጅቶች በመኪና የሚያደርስ መሆኑን ይጠይቃል። ሌላው በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ መገኘቱን ይጠይቃል። ከንጋት እስከ ምሽት በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድራ የምትሸጥ እናት ለመጀመሪያው መኪና የላትም፤ ለሁለተኛውም ጊዜ የላትም። የልጇን ደብተርና እርሳስ የምትገዛው ግን ከዚያ ከጉልቱ በምታገኛት ሳንቲም ነው። በመጠይቁ ዝቅተኛ ቁጥር ያገኘችው ስለ ደኸየች ነው ወይስ ስለ በደለች? ድህነትን ከክፋት ጋር የሚደባልቅ ሚዛን ከአለመመዘን የከፋ ነው።

ስለ ማመስገን የሚቀርበውን ጥያቄ ደግሞ እንመልከት። ልጅን ፊት ለፊት ማወደስ በብዙ ቤቶቻችን «ፊት መስጠት» ወይም «ማቅበጥ» ይባላል። የልጅን መልክና ብልህነት በሰው ፊት ማድነቅ ደግሞ ዓይን ያስገባል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ «ልጅሽን ታደንቂዋለሽ?» የተባለች እናት «አልፎ አልፎ» ብትል አይደንቅም። ይህችው እናት ግን ልጁ ውኃ ቀድቶ ሲመጣ «እደግ!» ትለዋለች፤ ጎረቤት ተልኮ ሲመለስ «ተባረክ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ትለዋለች። ምርቃት የአድናቆት ታላቅ ወንድም ነው። የልጁን የዛሬ ሥራ ከነገ ዕድሜው ጋር ያያይዝለታልና። መጠይቁ ስለ ምርቃት ስላልጠየቀ በቀን አሥር ጊዜ የሚወርደው በረከት ሳይቆጠር ይቀራል።

ስሕተቱ ግን ሁልጊዜ ወላጁን የሚበድል አይደለም፤ በደለኛውን ነፃ የሚያወጣበትም ጊዜ አለ። የአላባማው መጠይቅ ስለ አካል ቅጣት የሚጠይቃቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ በእጅ መቀመጫን መምታት፣ በጥፊ መምታትና በቀበቶ፣ በአርጩሜ ወይም በሌላ ነገር መግረፍ። በአገራችን የታወቁት ማንበርከክ፣ መቆንጠጥና በበርበሬ ማጠን በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ልጁን በበርበሬ ጢስ ያፈነ አባት ሦስቱንም ጥያቄዎች «በፍጹም» ብሎ ቢመልስ አልዋሸም፤ ቁጥሩም ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከዚህም አልፎ ቋንቋችን ራሱ ቅጣቱን ከበጎነት ጋር አዋሕዶታል። «ቆንጥጦ አሳደገው» ሲባል ምስጋና ነው። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ስለ ቁንጥጫ ሲጠየቅ ስለ በደል የተጠየቀ አይመስለውም።

በመጨረሻም መጠይቁ «እርስዎ» እያለ አንድን ሰው ብቻ ያነጋግራል። በእኛ ዘንድ ግን ልጅን የሚያሳድጉት አያት፣ ታላቅ እኅት፣ አክስት፣ ሞግዚትና ጎረቤት ጭምር ናቸው። ከብት ሲጠብቅ የሚውለው የገጠር ልጅ በመጠይቁ አቆጣጠር ያለ አዋቂ ክትትል የሚውል ነው። እርሻ ላይ ያለው ገበሬና በመንገድ የሚያልፈው ሽማግሌ ሁሉ ግን የማን ልጅ እንደ ሆነ ያውቁታል፤ ሲያጠፋም ይገሥጹታል። በአንጻሩ በከተማ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በሩ ተዘግቶበት የሚውለው ልጅ «ቤቱ ነው» ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ የጎረቤት ዓይን ግን ከእርሱ ርቋል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሩት ቻው በአሜሪካ የሚኖሩ ቻይናውያን ስደተኞች እናቶችን አጥንታ ያቀረበችው ጽሑፍ ይህንኑ ያረጋግጣል። እናቶቹ በባውምሪንድ አከፋፈል ከጨቋኞቹ ወገን የሚያስመድባቸው ቁጥር ነበራቸው፤ በጠቅላላው ግን የቻይናውያን ልጆች በትምህርታቸው የተሳካላቸው መሆናቸው ይታወቅ ነበር። ቻው እንዳስረዳችው እናቶቹ የሚመሩበት ሐሳብ መጨቆን ሳይሆን ማሠልጠን ነው። ይህም ሐሳብ የእናትን ቅርበትና መሥዋዕትነት በውስጡ የያዘ ሲሆን በመጠይቁ ውስጥ ስም አልነበረውም።

ቆጠራና ፍርድ

እንግዲህ መጠይቁን እንጣለውን? አንጣለውም። የእህል ሚዛን ወርቅ አይመዘንበትም ተብሎ አይሰበርም፤ ለእህል ይቀመጣል። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ አዋቂ ሰው ከእያንዳንዱ ጉዳይ የሚጠብቀው ትክክለኛነት የጉዳዩ ባሕርይ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ እንደ ሆነ አስገንዝቧል። በዚህም መሠረት ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል፤ እነርሱም ቆጠራና ፍርድ ናቸው። ቆጠራ ስለ ብዙዎች ይናገራል፤ ጉድለቱም ከታወቀ ይጠቅማል። ፍርድ ግን ስለ አንድ ሰው ነው፤ ያንን ሰው፣ ቤቱን፣ ችግሩንና ልጁን ማወቅን ይጠይቃል። አንዲት እናት 14 ወይም 27 ስላገኘች መልካም ወይም ክፉ አሳዳጊ ናት ማለት የብዙዎችን ሚዛን በአንዲት ነፍስ ላይ መጫን ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ሲዘነጋ የሚደርሰውን ጉዳት ለማየት አንድ የተለመደ አሠራር እንውሰድ። ወላጆች ስለ መልካም አስተዳደግ ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት መጠይቅ ይሞላሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሥልጠናው ውጤት አስገኘ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ነገር ግን ወላጆቹ በሥልጠናው ውስጥ የተማሩት ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደ ሆነም ጭምር ነው። ስለዚህ የቁጥሩ መጨመር ማሳደግን ከመማር የመጣ ይሁን መልስ መስጠትን ከመማር፣ ቁጥሩ ራሱ አይነግረንም። ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ እንዳስጠነቀቀው፣ አንድ ቁጥር ለውሳኔ መሠረት በሆነ መጠን ለመበላሸትና ሊለካው የታሰበውን ነገር ለማዛባት የተጋለጠ ይሆናል። ገንዘብና ሹመት በቁጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ከሆነ፣ ጠያቂውም ተጠያቂውም በአንድነት ለቁጥሩ ይሠራሉ። በዚህ መካከል የልጁ ማታ እንደ ቀድሞው ሊቀጥል ይችላል።

ሕጋችንም ጉዳዩን እዚሁ ደጃፍ ላይ ያደርሰዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን ያስቀጣል፤ ይሁንና ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ሲል ከሕግ ሳይወጣ የሚወስደውን የሥነ ሥርዓት እርምጃ ከቅጣቱ ያወጣዋል። ሕጉ በዚህ ቦታ ለአሳዳጊው ኅሊና ሰፊ አደራ ሰጥቷል። አደራው እንዴት እንደ ተጠበቀ ማወቅ የሚቻለው ደግሞ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ መጠየቁን መተው አደራውን ያለ ተቆጣጣሪ መተው ይሆናል፤ ያለ ጥንቃቄ መጠየቅ ደግሞ ባለአደራውን ያለ ማስረጃ መኰነን ይሆናል።

ያልተጠየቀው ምስክር

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል፤ እርሱም ልጁ ነው። በእርግጥ የልጁን ቃል መስማት በሊቃውንቱ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ኧርል ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1965 ልጆች ስለ ወላጆቻቸው የሚመልሱትን መጠይቅ አዘጋጅቷል፤ ከላይ የተጠቀሰውንም የቡሪን መጠይቅ የሚሞሉት ልጆቹ ናቸው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የተካሄደው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፣ በ20 የኢትዮጵያ አካባቢዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ከዓመት ዓመት ሲከታተል በትምህርት ቤት ስለሚደርስባቸው ዱላ ልጆቹን ራሳቸውን ጠይቋል።

የልጁ ቃል ከሌሎቹ ቃል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ቶማስ አኸንባኽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ልጆች ጠባይ የተደረጉ 119 ጥናቶችን መርምረው፣ ልጁ ስለ ራሱ የሚናገረውና አዋቂዎች ስለ እርሱ የሚናገሩት እምብዛም እንደማይገጥሙ አሳይተዋል። አለመግጠሙ ግን ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። አባት የሚያስታውሰው ለምን እንደ ቀጣ ነው፤ ልጅ የሚያስታውሰው እንዴት እንደ ተቀጣ ነው። የአስተዳደግ እውነት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሚገኝ አንዱን ብቻ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው ግማሹን ነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል አባባል ባለበት አገር የልጅን ምስክርነት ማስከበር ቀላል አይሆንም። ሌላም የከበደ ነገር አለ። ልጁን ስለ ቤቱ የሚጠይቅ ሰው ሲመሽ ወረቀቱን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ልጁ ግን ወደዚያው ቤት ይገባል። የተናገረውን የሰማበት ሰው ቢኖር የሚከፍለው እርሱ ነው። ስለዚህ ምስጢሩን ለመጠበቅና አደጋ ላይ ከሆነም ለመታደግ ያልተዘጋጀ ሰው ልጅን የመጠየቅ መብት የለውም ማለት ይቻላል። ጥያቄ ራሱ ተግባር ነው፤ ጠያቂውንም በኀላፊነት ያስጠይቃል።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በአብዛኛው ከዚህ ኀላፊነት የሚደርሳቸው ድርሻ አላቸው። በየቀበሌው ሕዝብ የሚያስተባብረው ካድሬ የመጠይቁን ቁጥር እንደ ምርት ዕቅድ ከፍ ማድረግን ግቡ ካደረገው፣ የሚያገኘው የተስተካከለ ሪፖርትና ያልተስተካከለ ጓዳ ነው። መምህሩም ስለ ቤት ቅጣት የሚጠይቅ ወረቀት ለተማሪዎቹ ከማደሉ በፊት በገዛ ክፍሉ ጥግ የቆመች ዱላ እንዳለች ይመልከት፤ ዱላዋ በቆመችበት ክፍል ውስጥ የሚሞላ ወረቀት እውነት አይናገርም። ሁለቱም ጥያቄያቸውን በአገሩ ቃል ይቅረጹት፤ ምርቃቱንም የበርበሬውንም ጢስ በስሙ ይጥሩት።

ለኪነ ጥበብ ሰው የቀረው ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። እጅ ከተነሣ በኋላ ሳያርፍ የሚቆይባት ቅጽበት አለች። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የእናቲቱ የቀን ድካም፣ የራሷ እናት ዱላ፣ የልጁ ዓይንና «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው የአገር ቃል በአንድነት ይገናኛሉ። እጁ ይውረድ ወይም ይመለስ መጠይቁ በማግሥቱ «መታሽ ወይስ አልመታሽም?» ብሎ ውጤቱን ብቻ ይመዘግባል። ያችን ቅጽበት በመድረክ፣ በሸራና በልብ ወለድ አሳይቶ፣ የመታውም የተመታውም ራሱን እንዲያይ ማድረግ የሚችለው ደራሲው፣ ሠዓሊውና ተዋናዩ ነው። በዚህ ረገድ ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀናል።

መልካም አሳዳጊነት በመጠይቅ ይለካልን? መልካም አሳዳጊነት የሚታይባቸው አንዳንድ ተግባሮች ይቆጠራሉ፤ መቆጠራቸውም ይበጃል። አሳዳጊው ራሱ ግን በድምር አይፈረድበትም። «አሳዳጊ የበደለው» ብለን የምንጠራውንም ሰው ከመስደባችን በፊት «ማን በደለህ? እንዴትስ በደለህ?» ብሎ የጠየቀው አለን ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ከመጠይቆች ሁሉ ቀድሞ መቅረብ የነበረበት ይህ ጥያቄ ነበር።